አዲስ ካርቡራተር ወይስ ቡሽ የተቀየረለት አሮጌ፦ በአንዲት ቮልስ ላይ የተደረገ የስድስት ወር ፍተሻ

ይህ ግምገማ በተለምዶ ቮልስ ለምንላት ለአሮጌዋ ቮልስዋገን ቢትል ተብሎ ዛሬም እየተሠራ ስለሚሸጥ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብል ዕቃ) ነው። ዕቃው ‹34 ፒክት 3› የተባለው የሶሌክስ ካርቡራተር ቅጂ ሲሆን፣ ከግንቦት እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በግቢያችን ዛኒጋባ ሥር ስፈታው፣ ስገጥመውና ስነዳበት ቆይቻለሁ። የአምራቹንም ሆነ የሻጩን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የሞከርኩት አንድ ዕቃ ብቻ ስለሆነ በእርሱ ጥፋት ፋብሪካ መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም ሳጥኑን የሚከፍት ማንኛውም ገዢ ዓይኑን የት የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ከዚህ በታች በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል 1302 ኤስ ናት። ከኋላዋ የተቀመጠው በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር 1,584 ሲሲ ሲሆን ከፋብሪካ ሲወጣ 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ‹ነበረው› ያልኩት ስላረጀ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በመሆኑም ተርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከተማ ውስጥ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ተነጥቆ ነው የሚሠራው። ቮልስ ውኃ ስለሌላት እንጦጦን ስትወጣ ራዲያተር አፍልታ አትቆምም፤ ቀጭኑ አየር ግን ካርቡራተሯን ያውከዋል፤ የአየሩ ክብደት ሲቀንስ የቤንዚኑ መጠን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ የሚመጣ ዕቃ እዚህ እንዴት እንደሚሠራ የመረመረ ጽሑፍ ስፈልግ አላገኘሁም፤ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው።

ካርቡራተሩን ለመግዛት ያነሣሣኝ የሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ቆሞ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ችግር ነበር። መኪናዋ ጠዋት በደንብ ትነሣለች፤ ሞቃ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ግን ሚኒሞዋ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል ይቆይና ትጠፋለች፤ ከኋላ ያለው ባለታክሲም ክላክሱን ይለቀዋል። አጠገባችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መካኒክ አንድ ቀን ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና የካርቡራተሩን የነዳጅ መስጫ ክንድ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት የሞተሩ ድምፅ አብሮ ተለዋወጠ። «ልጄ፣ ካርቡራተሩ ምንም አልሆነም፤ ቢራቢሮውን የሚያዞረው ዘንግ ነው የላላው። በዘንጉ ዙሪያ አየር ይስባል። ቶርኖ ቤት ወስደህ ቡሽ አስገባለት» አሉኝ። ቢራቢሮ የሚባለው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክብ ሳህን ነው፤ ቡሽ ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበት የናስ ቀለበት። «እሺ ጋሼ» አልኩና ያሉኝን ትቼ አዲሱን አዘዝኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዕቃ በአዲስ ሲተካ ነገሩ ሁሉ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችኝን መኪና በሚገባ መያዝ አለብኝ የሚል ሐሳብ በውስጤ አድሮ ነበር።

ለአሮጌ መኪና አዲስ ካርቡራተር መገኘቱ የሚገርመው ሰው ካለ ምክንያቱ ቀላል ነው። ቮልስ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ስለዚህ የመለዋወጫ ገበያዋ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የብራዚሉ ብሮሶልና የሜክሲኮው ቦካር የሶሌክስን ካርቡራተሮች ለረጅም ጊዜ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ግን የእነርሱም የጀርመኑም ያልሆኑ ቅጂዎች ናቸው። የእኔም ከነዚህ አንዱ ነው።

ዕቃው የደረሰኝ በደንብ ታሽጎ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ካርቡራተሩ፣ ከሥሩ የሚገባው ማፍሰስ ከልካይ ጓርኒሲዮንና ሁለት ፍሬዎች ነበሩ፤ የአገጣጠም መመሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። መልኩ ያምራል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ድብልቁን የሚያወፍረው ባለ 12 ቮልቱ ኤሌክትሪክ ቾክም ከነ ሽቦው ተገጥሞለታል። ዘንጉን ስነቀንቀው ከነጭራሹ አይንቀሳቀስም፤ ያቺን ደቂቃ ጋሼን ጠርቼ ባሳያቸው ደስ ባለኝ ነበር።

ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ በካቻቢቴ አምስቱን ብሎኖች ፈትቼ የላይኛውን ክዳን ሳነሣው፣ ተንሳፋፊው በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ፀጉር የሚያካክሉ የብረት ፍርፋሪዎች አገኘሁ። ሲቀልጥና ሲወጣ የተረፈው ትርፍራፊ በወጉ አልተጠረገም ማለት ነው። ከነዚያ አንዱ ቤንዚኑን ወደሚመጥነው ባለ ጠባብ ቀዳዳ ናስ፣ ወደ ጄቱ፣ ቢገባ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆም ነበር። ሁሉንም ቀዳዳ በታመቀ አየር እስካጸዳ ድረስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ቤንዚን የሚገባበት አጭሩ የናስ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በክዳኑ ላይ በጥርስ አይታሰርም፤ በግፊት ገብቶ በጥብቀቱ ብቻ የሚቆም ነው። የጀርመኖቹም የተሠሩት እንደዚሁ ስለሆነ የቅጂው ጥፋት ብቻ አይደለም። ነገር ግን በአዲሱ ዕቃ ላይ ቱቦውን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ጠምዘዝ ሳደርገው ያለ ምንም ችግር ዞረ፤ ትንሽ ስስበው ደግሞ ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ። እንደዚሁ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ በሞተሩ ንዝረት አንድ ቀን መውለቁ አይቀርም፤ ሲወልቅ ፓምፑ ቤንዚኑን የሚረጨው በጋለ ሞተርና የእሳት ብልጭታ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ላይ ነው። በየአገሩ ከኋላቸው ተቃጥለው የሚገኙት ቮልሶች አንዱ መነሻ ይህ ነው፤ የሞተሩ አካል የማግኒዚየም ቅይጥ በመሆኑም እሳቱ አንዴ ከያዘው በተራ ማጥፊያ የሚበርድ አይደለም። እኔ ቱቦውን ቶርኖ ቤት ወስጄ ጥርስ አስወጣሁለትና በክዳኑም ውስጥ ጥርስ አስበሳሁ፤ አሁን እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ይገባል። ይህን ያላደረገ ሰው ቢያንስ ቱቦውን በሽቦ ከካርቡራተሩ አካል ጋር ይሰረው። በፓምፑና በካርቡራተሩ መካከል የሚሰካውን የፕላስቲክ የቤንዚን ማጣሪያም ከሞተሩ ክፍል አውጥቶ ከፊት፣ ከሰልባቲዮው በታች ማድረግ ይገባል፤ ማጣሪያው በጎማው ላይ ሲንጠለጠል ክብደቱ ቱቦውን ይጎትተዋልና።

ለሻጩ ስለ ቱቦው ስጽፍለት ዕቃውን በራሴ ወጪ ልመልስ ወይም ከዋጋው ጥቂት ተመላሽ ልውሰድ አለኝ። የመመለሻው የፖስታ ክፍያ ከዕቃው ዋጋ ስለማይተናነስ ሁለተኛውን መረጥኩ።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ፣ ካርቡራተር ከመነካቱ በፊት ሌላው ሁሉ መስተካከል አለበት። ባልቮላዎቹን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የዲስትሪቢውተሩን ኮንታክት 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጌ፣ ብልጭታ ሰጪዎቹን ካንዴላዎችም ቀይሬ ነው የጀመርኩት። ይህን ሳያደርጉ ካርቡራተር መነካካት የሌላውን ጥፋት በእርሱ ላይ መለጠፍ ነው፤ ጥፋቱም በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በ34 ፒክት 3 ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ እኔም ለዓመታት ስሳሳት ነበር። ሚኒሞ ሲወርድ አብዛኛው መካኒክ ካቻቢቴውን የሚሰድደው በግራ በኩል ከላይ ወደ ተቀመጠው፣ በቾኩ ደረጃዎች ላይ ወደሚያርፈው ብሎን ነው። ያ ብሎን የሚኒሞ ብሎን አይደለም። ቢራቢሮውን እንዲከፍት ከተደረገ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያለጊዜያቸው ይገለጣሉ፤ መኪናዋም ነዳጅ ሲሰጣት ትደናቀፋለች። ያ ብሎን ደረጃውን ነክቶ ሩብ ዙር ብቻ እንዲጠብቅ ተደርጎ ይተዋል። ሥራው ያለው በጎን በሚገኙት በሁለቱ ብሎኖች ላይ ነው፦ ትልቁ የአየር ማለፊያ፣ ትንሹ የድብልቅ መጠን። ትንሹን እስኪቆም ድረስ በዝግታ አጥብቆ ሁለት ዙር ተኩል መመለስ፣ በትልቁ ሚኒሞውን በደቂቃ 850 ዙር ላይ ማድረግ፣ ከዚያ በትንሹ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጎ ፍጥነቱ 20 ወይም 30 ዙር ያህል እስኪወርድ ድረስ ትንሽ ማጥበቅ፣ በመጨረሻም በትልቁ ወደ 850 መመለስ ነው። በዚህ ረገድ አዲሱ ካርቡራተር ያለ ምንም ማጋነን አስደስቶኛል፤ ሁለቱም ብሎኖች ለንክኪ ወዲያው መልስ ይሰጣሉ። የትራፊክ መብራቱ ጭንቀት በዚያኑ ቀን ቀረ።

ቀጥሎ የጄቱ ነገር መጣ። ዕቃው የመጣው 127.5 ቁጥር ዋና ጄት ይዞ ነው፤ ለጀርመን ወይም ለብራዚል ቆላ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ነድቼ ካንዴላዎቹን ሳወጣ ጫፋቸው እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ጠቁሮ ነበር። ቀዳዳው ጠበብ ያለ 120 ቁጥር ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አንድ ባለሱቅ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ከመደርደሪያ ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጣና «የቮልስ ነው አይደል ወንድሜ? ቁጥሩን ራስህ ፈልግ፤ እኔ ዓይኔ አያይም» ብሎ በጄት የተሞላውን ቆርቆሮ ባንኮኒው ላይ ደፋልኝ። ከአሮጌ ካርቡራተሮች የተፈቱ የናስ ጄቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ቀዳዳቸው በቆርቆሮ ብየዳ ተደፍኖ እንደገና በመርፌ ተበስቷል። እንደነዚያ ያሉት ላይ የታተመው ቁጥር ምንም አይናገርም፤ አይግዙ። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኝ ያልተነካ 120 አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ካንዴላዎቹ ደህና ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ መልክ ይዘዋል፤ የቤንዚን ፍጆታውም በግልጽ ቀንሷል። ወደ እንጦጦ ስወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ በኋላ፣ ድብልቁ መልሶ ትንሽ ይወፍራል፤ በዱከምና በሞጆ አድርጌ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዳማ ስወርድ ደግሞ ካንዴላው ትንሽ ነጣ አለ፣ ሞተሩ ግን አልተጨነቀም። ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ 120 ይበቃል እላለሁ።

ሐምሌ ሲገባ መኪናዋ እንደገና ታመመች። ጠዋት ጠዋት በዝናብ ከቤት ወጥቼ አሥር ደቂቃ ያህል ስነዳ ሞተሩ ይደናቀፍና ይጠፋል፤ ጥቂት ቆሜ ስሞክራት ደህና ሆና ትነሣለች። መጀመሪያ የረገምኩት አዲሱን ካርቡራተር ነው። አንድ ጠዋት ግን ስትጠፋብኝ ወርጄ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩና ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን፣ ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደውን ቱቦ (የማኒፎልዱን) አንገት ነካሁት፤ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። እንደ በረዶ ቤት ግድግዳ ነጭ ውርጭ ለብሶ ነበር። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚስብ አየሩን በብዙ ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል፤ የክረምቱ አየር ደግሞ ቀዝቃዛና እርጥበት የጠገበ ስለሆነ እርጥበቱ ካርቡራተሩ ውስጥ ይረጋና የአየሩን መንገድ ያጠብበዋል። ለዚህ መድኃኒቱን ፋብሪካው ራሱ አብጅቶለታል፤ በማኒፎልዱ ሥር ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጭስ ይዞ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አለ። የእኔ ቱቦ ግን በሃምሳ ዓመት ጥቀርሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደፍኖ ነበር። ብየዳ ቤት ወስደን ጫፎቹን በእሳት አግለን የብስክሌት የፍሬን ሽቦ በድሪል እያሽከረከርን አሳለፍንበት፤ የወጣው ጥቀርሻ አንድ የቡና ሲኒ ሞላ። ከዚያን ቀን ወዲህ ውርጩም መደናቀፉም የለም። እንግዲህ በዚህ ካርቡራተሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ አዲስ ካርቡራተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ግን ሞተሩን አንድ አሥር ደቂቃ አስነሥቶ የዚህን ቱቦ ሁለት ጫፎች ሙቀት በጥንቃቄ ቢፈትሽ ምናልባት ገንዘቡን ሳያወጣ ይቀራል።

ነሐሴ ላይ ሌላ ነገር ታየ። ኤሌክትሪክ ቾኩ ለመከፈት እየዘገየ መጣ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሞተሩ ላይ የጥቁር ጭስ ሽታ ይቆያል። ክብ ክዳኑን ፈትቼ ሳየው የጠመዝማዛው ምላስ ጫፍ በክንዱ ላይ በትክክል አልተያዘም። በፒንሳ ትንሽ ባጎብጠው ተስተካከለ፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ገዢው ሳይሆን ፋብሪካው ነው ማየት የነበረበት። በመስከረም ደግሞ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ቤንዚን ማላብ ጀመረ። ክዳኑን በመስታወት ላይ ሳስቀምጠው በአንድ በኩል የሲጋራ ወረቀት ታስገባለች፤ ፊቱ ጠፍጣፋ አይደለም ማለት ነው። በመስታወት ላይ በተለጠፈ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ አቀናሁት።

በዚህን ጊዜ ነው አሮጌውን የጀርመን ካርቡራተር ከሳጥኑ አውጥቼ ጋሼ ወዳሉኝ ቶርኖ ቤት የሄድኩት። ባለቶርኖው የዘንጉን መቀመጫ ሁለት ጎን አሰፋና የናስ ቡሽ ገፍቶ አስገባ፣ ከዚያ ለዘንጉ ልክ አድርጎ ቀደደው፤ ሁሉም በአንድ ከሰዓት አለቀ። የከፈልኩት ዋጋ ለአዲሱ ካወጣሁት አንድ ዐሥረኛውን እንኳ አይሞላም። እንዲህ የሚያሠራ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ፦ ቢራቢሮውን ከመፍታቱ በፊት የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ በጭረት ምልክት ያድርግበት፣ ሲመልሰውም ሁለቱ ጥቃቅን ብሎኖች እንዳይፈቱ ጫፋቸውን ቀጥቅጦ ያስይዛቸው፤ ከነዚያ አንዱ ቢወልቅ የሚወድቀው በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮንና የተንሳፋፊ መርፌ ቀይሬለት 120ውን ጄት አዛወርኩበትና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ገጠምኩት።

ልዩነቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሚኒሞው እንደ አዲሱ ጸንቶ ይቆማል፤ ነዳጅ ስሰጥ ግን አሮጌው ለስላሳ ነው፤ በአዲሱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ ስጫን የምትሰማኝ ትንሽ መጉደል እዚህ የለችም። ክዳኑ ቤንዚን አያልብም፤ ቾኩ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ጋሼ አንድ እሑድ መጥተው አዳመጡና የነዳጅ መስጫውን ክንድ እንደ በፊቱ ነቀነቁት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ምንም አላሉም፤ «ቡና አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የጀርመን፣ የብራዚል ወይም የሜክሲኮ ሶሌክስ ያለው ሰው፣ አካሉ እስካልተሰነጠቀ ድረስ፣ አዲስ ቅጂ አይግዛ፤ ገንዘቡን ለቶርኖ፣ ለጓርኒሲዮንና ለትክክለኛ ጄት ያውለው። አሮጌው የጠፋበት ወይም በሌላ መኪና ካርቡራተር የተተካበት ባለቮልስ ግን ቅጂውን ሊገዛ ይችላል፤ ገጥሞ የሚነዳው ሳይሆን ገና ያልተጠናቀቀ ዕቃ እየገዛ መሆኑን ዐውቆ። ፈትቶ ለማጽዳት፣ ቱቦውን ለማሰር፣ ክዳኑን ለማቅናትና ጄቱን ለመቀየር ሁለት ቅዳሜ ይመድብ። እነዚህን ለማድረግ ጊዜም ሆነ ዝንባሌ የሌለው ሰው አይንካው፤ በተለይ የናሱ ቱቦ ጉዳይ የእሳት ጉዳይ ነው።

አዲሱ ካርቡራተር አሁን በመደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። አንድ ክፍሉ ብቻ እየሠራ ነው፦ ሞተሩ በቁልፍ ሲጠፋ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚዘጋው ባለ 12 ቮልት ኤሌክትሪክ ቫልቭ። የአሮጌው ካርቡራተር ቫልቭ ተቃጥሎ ስለነበር ከአዲሱ ፈትቼ ገጠምኩለት። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ከኋላ ‹ጠቅ› ይላል፤ እስካሁን አንድም ቀን አላሳፈረኝም።